17ኛው ጠላት

ጁን 27 ቀን 1973፣ ዋሽንግተን። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆች ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላሰለቻችሁም።) የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ የዋተርጌትን ጉዳይ እየመረመረ ነው። የፕሬዚዳንት ኒክሰን የሕግ አማካሪ የነበረው ጆን ዲን ለኮሚቴው ካስረከባቸው ሰነዶች አንዱ የስም ዝርዝር ነው፤ የዋይት ሐውስ ሰዎች «ጠላቶቻችን» ብለው የመዘገቧቸው የሃያ ሰዎች ስም። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ወረቀቱ እጁ እንደገባ ካሜራ ፊት ቆመ። ቀድሞ ለማንበብ ጊዜ አላገኘም። ስርጭቱ ቀጥታ ስለሆነ ተመልካቹ የሚሰማውን ስም እሱም ገና አሁን ነው የሚያየው። ከአንድ ጀምሮ እየጠራ ወረደ። 17ኛው ላይ ሲደርስ የራሱን ስም አገኘ።

ዳንኤል ሾር፣ ሲቢኤስ፣ ዋሽንግተን። ከስሙ ጎን አጭር ማብራሪያ አለች፤ እውነተኛ የሚዲያ ጠላት ትላለች።

አነበባት። ድንጋጤው ፊቱ ላይ እንዳይታይ እየታገለ ወደ 18ኛው አለፈ። 19ኛው የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ነበር።

ስለ ፖለቲካ ዘጋቢዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህች ታሪክ ትነሳለች። ክፉ መንግሥት፣ ደፋር ጋዜጠኛ፣ በመጨረሻም የሚወድቅ ፕሬዚዳንት። ለሰሚ ትጥማለች፤ እውነትም ናት። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ግን ከእሷ በኋላ ያለው ነው። የጠላት ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ሾርን የአንድ ቀን ደመወዝ አላስቀረበትም። እንዲያውም ስሙን አገነነለት፤ በ1972፣ በ1973 እና በ1974 በተከታታይ የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ከትልቁ ቴሌቪዥን ያስወጣው ጉዳይ የመጣው ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነው፤ የመጣውም ከዋይት ሐውስ ሳይሆን ከራሱ መሥሪያ ቤት፣ አብረውት ቡና ከሚጠጡት ሰዎች ነው። የሩቁ ጠላት ስም ሰጠው፣ የቅርቡ ወዳጅ እንጀራውን ነሳው። ይህን የታሪኩን ክፍል የሚተርከው ሰው ጥቂት ነው።

ሾር የተወለደው በ1916 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ዛሬ ቤላሩስ ከምትባለው አገር የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አንዲት ሴት ከሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ወድቃ ሞተች። ልጁ ለፖሊስ ደወለ። ቀጥሎ ለሰፈሩ ጋዜጣ፣ ለ«ብሮንክስ ሆም ኒውስ» ደወለ። አምስት ዶላር ከፈሉት። ሾር ይህን ታሪክ እስከ እርጅናው ድረስ ሲያወራው ኖሯል፤ የሚያወራውም ለጉራ ብቻ አልነበረም። የሞተ ሰው አጠገቡ ወድቆ እሱ የሚያስበው ዜናውን እንደነበር ራሱም ይገርመው ነበር። የተመልካችነት ልክፍት ብለን እንጥራው። ከዳር ቆሞ ማየት፣ ያዩትን መናገር፣ መሀል አለመግባት። ይህ ልክፍት ከፍ አደረገው፤ አንድ ቀን ግን ከዳር መቆም የማይቻልበት ቦታ ላይ አደረሰው።

ወደ ቴሌቪዥን የገባው ዘግይቶ ነው፤ በ36 ዓመቱ። ከጦርነቱ በኋላ ኔዘርላንድስ ተቀምጦ ለተለያዩ ጋዜጦች በየጽሑፉ እየተከፈለው ይሠራ ነበር። እንደኔ ዓይነቱ ሰው ማለት ነው፤ ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ የለም፣ አርታኢ ስልክ ሲያነሳ ቀኑ ያምራል። በ1953 መጀመሪያ የሰሜን ባሕር ግድቦቹን ጥሶ ኔዘርላንድስን አጥለቀለቀ፤ በዚያች አገር ብቻ ከ1,800 በላይ ሰው ሞተ። ሾር ስለ ጎርፉ በሬዲዮ የላካቸውን ዘገባዎች ኒውዮርክ ሆኖ የሰማ አንድ ሰው ነበር፤ ኤድዋርድ መሮው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከለንደን ጣሪያዎች ላይ ሆኖ ቦምቡ ሲወርድ የዘገበው፣ የአሜሪካ የስርጭት ዜና አባት የሚባለው ሰው ማለት ነው። መሮው ቴሌግራም ላከለት፤ ና፣ ሲቢኤስ ግባ።

በ1955 ሞስኮ ተላከ፤ ሲቢኤስ በስታሊን ዘመን የተዘጋበትን ቢሮ እንደገና እንዲከፍት። ሞስኮ የሚቀመጥ የውጭ ዘጋቢ ያን ጊዜ ጽሑፉን ወስዶ ማዕከላዊው ቴሌግራፍ ቤት ያስገባል። ሳንሱር የሚያደርገውን ሰው አያየውም፤ ድምፁንም አይሰማም። ወረቀቱ ተሰርዞ ይመለስለታል፣ ከስርዙ የተረፈውን ብቻ በማይክሮፎን ያነባል። ሾር ከዚህ ሥርዓት ጋር በየቀኑ ሲጋጭ ኖረ። ሆኖም በዚያው ሞስኮ በ1957 ትልቁን ሥራውን ሠራ። ኒኪታ ክሩስቼቭ ክሬምሊን ባለው ቢሮው ተቀምጦ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ እንዲሰጥ አግባባው። ጁን 2 ቀን 1957 «ፌስ ዘ ኔሽን» በተባለው ፕሮግራም ሲተላለፍ አሜሪካውያን የሚፈሩትን ሰው ሳሎናቸው ውስጥ አዩት። ሰውየው ቀንድ የለውም፤ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ይከራከራል። የልጅ ልጆቻችሁ በሶሻሊዝም ሥር ይኖራሉ ብሎም ተነበየላቸው። (የልጅ ልጆቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ትንቢቱ የት እንደደረሰ ለናንተ ልተው።) የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ግን ጣቢያው ለጠላት መድረክ ሰጠ ብለው አኮረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሾር ከሞስኮ ወጣ፤ መመለሻ ቪዛ ከለከሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ልዕለ ኃያላን ማስቀየም የሚችል ዘጋቢ ብዙ አይደለም።

የጀርመን ዓመታቱን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። በኦገስት 1961 የበርሊን ግንብ ሲገነባ እዚያው ነበር። አንድ ጥፋቱን ግን መዝለል አልፈልግም፤ በ1964 የሠራውን። ባሪ ጎልድዋተር በሪፐብሊካን ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ሊታጭ ጉባኤው ሊከፈት ነው። ሾር ከጀርመን ዜና ላከ፤ ጎልድዋተር ከጉባኤው በኋላ ለዕረፍት ሂትለር ይዝናናበት ወደነበረው ወደ በርቸስጋደን ሊሄድ ነው፣ ከጀርመን ቀኝ አክራሪዎችም ጋር ሊገናኝ የፈለገ ይመስላል የሚል። የዕረፍት ጉዞ ታስቦ ነበር። አንዱን እውነት ከሌላው ጋር የሰፋበት ክር ግን ከራሱ የመጣ ነው። ጎልድዋተር ተቆጣ፣ የሲቢኤስ ባለቤት ዊሊያም ፔሊ ከእሱ ይብስ ተቆጣ፤ ሾርም ማስተካከያ እንዲናገር ተገደደ። ይህን የማነሳው ሰውየው መልአክ እንዳልነበር ለማሳየት ብቻ አይደለም። ፔሊ የሾርን ስም በቁጣ ማስታወስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ይህች ቂም ዋጋ ታወጣለች።

በ1966 ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ የተሰጠው ሥራ ማንም የማይሻማበት ነበር፤ ጤና፣ ትምህርት፣ የድሆች ድጎማ። እኔ ግን የሙያውን ልክ የማየው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ እየሰሙ ከመመለስ ይልቅ በጀቱን፣ ረቂቁን፣ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ እያነበበ ባለሥልጣናት የተናገሩትን ካደረጉት ጋር ማስተያየት ልማዱ አደረገ። በኦገስት 1971 ኒክሰን ኒውዮርክ ውስጥ በካቶሊኮች የእራት ግብዣ ላይ ተገኝቶ ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት እርዳታ እንደሚያፈላልግ ቃል ገባ። በማግስቱ ማታ ሾር በዎልተር ክሮንካይት የምሽት ዜና ላይ ቀርቦ፣ ከዚህ ቃል ኋላ የተዘጋጀ ምንም ዕቅድ እንደሌለ ተናገረ። በቃ ይኸው ነው፤ ስድብ የለ፣ ሴራ የለ። ቃል ተገባ፣ ወረቀት ግን የለም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የኤፍቢአይ ሠራተኛ ቢሮው መጥቶ፣ ለአንድ የመንግሥት ሹመት ስለታሰብክ ጀርባህን እያጠናን ነው አለው። ሾር ለምንም ሹመት አላመለከተም። በሰዓታት ውስጥ ወኪሎች ለአለቆቹ፣ ለባልደረቦቹ፣ ለዘመዶቹ ስለ ባሕርዩ እየደወሉ ጠየቁ። በኋላ እንደታወቀው ነገሩ የቢሮክራሲ ቀልድ ነበር። ዋይት ሐውስ የፈለገው በምስጢር ፋይል እንዲሰበሰብለት ነው፤ የኤፍቢአዩ አለቃ ኤድጋር ሁቨር ግን ትዕዛዙን እንደ መደበኛ የሹመት ማጣራት ወስዶ ሰዎቹን በጠራራ ፀሐይ አሰማራ። ዋሽንግተን ፖስት ሲያጋልጠው ዋይት ሐውስ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ሥራ ልንሰጠው አስበን ነው አለ። ማንም አላመነም። ኒክሰንን ከሥልጣን ለማውረድ ክሱ ሲዘጋጅ ኤፍቢአይን ያላግባብ መጠቀም ከተቆጠሩት በደሎች አንዱ ሆነ፤ የሾር ጉዳይም በማስረጃዎቹ ውስጥ ገባ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ሆነው፣ ሾር በአንድ ስብሰባ ላይ ወደ ኒክሰን ጠጋ ብሎ ምናልባት አያስታውሱኝም አለው። ኒክሰን ወዲያው አወቀው፤ አንድ ጊዜ ልቀጥርህ ትንሽ ነበር የቀረኝ ብሎ መለሰለት። ከኒክሰን ቀልዶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

እስከዚህ ድረስ መስመሩ ግልጽ ነው። መንግሥት በዚያ በኩል፣ ጋዜጠኛና ጣቢያው በዚህ በኩል። ኒክሰን በኦገስት 1974 ሲወድቅ ግን የሚዲያ ባለቤቶች ሌላ ስሜት ያዛቸው። በቃን፣ አገር ትረፍ፣ ትንሽ እንረጋጋ። ሾር በ1975 መጀመሪያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ሲናገር፣ ኒክሰን ሥልጣን በለቀቀበት ምሽት የሲቢኤስ አለቆች ዘጋቢዎቻቸው ለዘብ እንዲሉ ፈልገው ነበር ማለቱ ተወራ። እነ ክሮንካይት ስማችን ጠፋ አሉ። ሾርም ያልኩት እንዲህ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ማን ልክ እንደነበር መወሰን ከባድ ነው፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ውስጥ ሰላምታው ቀዘቀዘ።

ያኔ የያዘው ሥራ የስለላው ድርጅት፣ የሲአይኤ ጉዳይ ነበር። በጃንዋሪ 1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የኒውዮርክ ታይምስን አዘጋጆች ምሳ ጋብዞ፣ ምርመራው በጣም ከጠለቀ ግድያን የመሰለ ነገር ይወጣል የሚል ቃል አመለጠው። ወዲያው ይህ እንዳይጻፍ አለ። ታይምስም አልጻፈውም። የዓለም ትልቁ ጋዜጣ የዓመቱን ትልቁን ዜና ከምሳው ጋር ዋጠው። ወሬው ሾር ጆሮ ደረሰ። የሲአይኤውን ዳይሬክተር ዊሊያም ኮልቢን ሊያነጋግር በሄደበት፣ ድርጅቱ እዚህ አገር ሰው ገድሎ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ኮልቢ «እዚህ አገር አይደለም» አለ። አስቡት፤ በሦስት ቃል የተከፈተ በር! ሾር ሊያወጣጣው ሞከረ፤ ኮልቢ ከዚያ አላለፈም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ዜናው በቴሌቪዥን ወጣ።

ከሁለት ወር በኋላ የቀድሞው የሲአይኤ አለቃ ሪቻርድ ሄልምስ ለመርማሪ ኮሚሽን ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ሾርን አገኘው። «ገዳዩ ሾር» እያለ፣ እዚህ ልጽፈው የማልችለውን ስድብ ጨምሮ አወረደበት። ንዴቱ በከፊል እውነት ነበረው። በኖቬምበር 1975 የሴኔቱ የቸርች ኮሚቴ ሪፖርት ሲወጣ ሲአይኤ መሪዎችን ለመግደል ማሴሩ ተረጋገጠ፤ በፊደል ካስትሮ ላይ ብቻ ቢያንስ ስምንት ጊዜ። በራሱ እጅ የገደለው የአገር መሪ ግን አልተገኘም። ሙከራው ነበር፣ ስኬቱ ነው ያልነበረው። ከተዘረዘሩት ሴራዎች መካከል የኮንጎው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ይገኝበታል፤ በ1960 እሱን ለመግደል የሚሆን መርዝ እስከ ሊዮፖልድቪል ድረስ ተልኮ ነበር። መርዙ ሥራ ላይ ሳይውል ሉሙምባን በጃንዋሪ 1961 ሌሎች ገደሉት። የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሥር ኮንጎ የዘመቱት በዚያው ወራት ነው። ከኮንጎ የተመለሱ አባቶች ያሉበት ቤት ያደገ ሰው ሉሙምባን በስም ያውቀዋል፤ ያ መርዝ በሰነድ የታወቀበት መንገድ ግን፣ ቢያንስ አንዱ ጫፉ፣ ከኮልቢ ሦስት ቃላት ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ከሴኔቱ ጎን ለጎን የታችኛው ምክር ቤትም በኦቲስ ፓይክ ሊቀመንበርነት የራሱን ምርመራ ያካሂድ ነበር። የፓይክ ሪፖርት ስለ ግድያ ሳይሆን ስለ ብቃት ነው የሚጠይቀው። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚበላ ድርጅት የ1973ቱን የአረብ እና የእስራኤል ጦርነት፣ የፖርቱጋልን መፈንቅለ መንግሥት ለምን ቀድሞ አላየም? የኢራቅ ኩርዶችን አስታጥቆ፣ የኢራን ሻህ ከባግዳድ ጋር ሲታረቅ ለምን ሜዳ ላይ ጣላቸው? ሪፖርቱ ተጽፎ አለቀ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1976 ግን ምክር ቤቱ ራሱ ያሠራውን ሪፖርት፣ ፕሬዚዳንቱ ካልፈቀደ በስተቀር እንዳይወጣ በ246 ድምፅ ለ124 ወሰነ።

በዚያ ሰዓት አንድ ቅጂ ሾር እጅ ውስጥ ነበር።

የያዘውን ፍሬ ነገር ቀድሞ በዜና ተናግሮታል። ከውሳኔው በኋላ ግን ነገሩ መልኩ ተለወጠ። ሌላ ጋዜጠኛ ሙሉውን ካልያዘ፣ ይህ ሪፖርት ይኑር ወይም ይጥፋ የሚለው የእሱ ውሳኔ ሆነ። ቢያቃጥለው ወይም መሳቢያ ውስጥ ቢከተው ከአፋኞቹ ጋር ተባበረ ማለት ነው ብሎ አሰበ። መጀመሪያ የሄደው ወደ አለቆቹ ነው፤ ሲቢኤስ የመጽሐፍ ማሳተሚያዎች ነበሩት። አለቆቹ አዎም አይሆንምም ሳይሉ አጓተቱት። (እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። አንድ ጊዜ ሰነድ ይዤ የሄድኩበት አዘጋጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እውነት ነው?» ብሎ አልነበረም፤ «ሌላ ማን አይቶታል?» ነበር ያለኝ። ስለዚህ የሾር አለቆች ዝምታ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም።) በመጨረሻ በሌላ መንገድ ሰነዱ «ቪሌጅ ቮይስ» ለተባለው የኒውዮርክ ሳምንታዊ ጋዜጣ ደረሰ፤ በፌብሩዋሪም ታተመ። ሾር ለኪሱ አምስት ሳንቲም አልወሰደም፤ ክፍያ ካለ የጋዜጠኞችን ነፃነት ለሚከላከል ኮሚቴ እንዲሰጥ ነበር ስምምነቱ።

ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በማሳተሙ አይደለም፣ ስሙን በመደበቁ ነው። ሲጠየቅ መጀመሪያ እኔ አይደለሁም አለ። በማግስቱ አመነ። በመካከል ባሉት ሰዓታት ደግሞ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ተጠረጠረ። በቪሌጅ ቮይስ ለሪፖርቱ መግቢያ የጻፈው አሮን ላተም የሲቢኤስ ዘጋቢ የሌስሊ ስታል ወዳጅ ነበር፤ በኋላም ባሏ ሆኗል። ስለዚህ አለቆቹ እሷ ከሾር ጠረጴዛ ወስዳ ሰጥታው ይሆን ብለው ጠረጠሩ። ሾር አይደለችም ማለት ሲችል ዝም አለ፤ ጥርጣሬው እሷ ላይ እንዲያርፍ ተወው። ስታል ያን ጊዜ ወጣት ዘጋቢ ናት፤ በወንዶች በተሞላ ቢሮ ውስጥ ቦታዋን ገና እያስከበረች ያለች። ሰነዱን የሰጠውን ሰው ለመጠበቅ ሲል እስር ቤት ለመግባት የተዘጋጀ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ባልደረባውን ለመጠበቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አላወጣም። አድናቂዎቹ ይህችን ክፍል ያሳጥሯታል። ማሳጠር አይገባም።

ከዚያ የወረደበት ዱላ ብዙ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ «ምስጢር ሽያጭ» የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ ርዕሰ አንቀጽ ጽፎ ወቀሰው። አዎ፣ በ1971 የፔንታጎንን ምስጢራዊ ሰነዶች ያተመው ያው ታይምስ፣ የፎርድን ምሳ በልቶ ዝም ያለው ያው ታይምስ። የሲቢኤስን ስርጭት የሚቀበሉ የክፍለ ሀገር ጣቢያዎች ይባረርልን አሉ። ፔሊም ከበርቸስጋደን ጀምሮ የቋጠረው ነበረው። ሲቢኤስ ደመወዙን ሳይቆርጥ ከሥራ አገደው። የጣቢያው ሙግት ባዶ አይደለም፤ ሰነዱን ያገኘኸው በእኛ ስም፣ በእኛ ደመወዝ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ የመስጠት መብት የለህም ነበር የሚሉት። ጥሩ። ታዲያ ሰነዱ የጣቢያው ከሆነ ጣቢያው ለምን አላተመውም? ንብረቱ የኔ ነው የሚል ሰው ንብረቱን ሲቀብረው ዝም ብለን ልናይ ነው? በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከሾር ጋር ነኝ፤ የሕዝብ ምክር ቤት በሕዝብ ገንዘብ ያሠራው ሪፖርት የሕዝብ ነው።

ምክር ቤቱም ሰነዱን ማን እንደሰጠው እንዲጣራ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አዘዘ፤ 150,000 ዶላር በጀተ። የቀድሞ የኤፍቢአይ ሰዎች ተቀጥረው ወራት ሙሉ ሲጠይቁ ከረሙ። ምንም አላገኙም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1976 ሾር ራሱ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ካልተናገረ ምክር ቤቱን በመድፈር ሊከሰስና ሊታሰር ይችላል። ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ እምቢ አለ። ምንጬን አሳልፌ ብሰጥ ራሴን፣ ሙያዬንና ሕይወቴን መካድ ነው አላቸው። የሚገርመው፣ ሰዎቹ ያን ቀን የፈሩት የቴሌቪዥኑን ካሜራ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ከካሜራው ጋር ከዳር ቆሞ ያየ ሰው አሁን ካሜራው ዞሮበት መሀል ተቀምጧል፤ ሕዝቡ ደግሞ ወዶታል። ኮሚቴው ሳይከሰው ተወው።

ሲቢኤስ አሁን ሊመልሰው ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። ሴፕቴምበር 28 ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገባ፤ መመለሴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መቃቃር ይፈጥራል ሲል። ኮንግረስ ያላሰረውን፣ ኒክሰን ያላስባረረውን ሰው ያስወጣው አንድ የዜና ክፍል ውስጥ ያለ ቅዝቃዜ ነው። ስልሳ ዓመት ከሞላው አንድ ወር እንኳ አልሆነውም።

ተከታዩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1979 ቴድ ተርነር የሚባል የአትላንታ ባለሀብት ሃያ አራት ሰዓት ዜና የሚያስተላልፍ ጣቢያ ልከፍት ነው ሲል ብዙዎች ሳቁበት። ለዜናው ሥራ መጀመሪያ ከተቀጠሩት ሾር አንዱ ነው። ከሲቢኤስ የተማረው ነገር ነበርና ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባ፤ የሙያ ሥነ ምግባሬን የሚነካ ሥራ አልታዘዝም የሚል። ሲኤንኤን ጁን 1 ቀን 1980 ተጀመረ። በ1984 የሪፐብሊካን ጉባኤ ላይ ከጆን ኮናሊ ጋር ተጣምረህ ተንትን አሉት። ኮናሊ የቴክሳስ ገዥ የነበረ፣ ከኬኔዲ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ሆኖ የቆሰለ፣ በኋላም የኒክሰን የገንዘብ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። ሾር አንቀጹን መዘዘ፤ ፖለቲከኛና ጋዜጠኛ እኩል ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱም «ተንታኝ» ሊባሉ አይገባም አለ። በ1985 ውሉ አልታደሰም። ዛሬ የትኛውንም ጣቢያ ክፈቱ፤ ትናንት ቃል አቀባይ የነበረው ዛሬ ተንታኝ ነው። ሾር የተከራከረው በዚህ ላይ ነበር፤ ተሸነፈም።

ከዚያ ወደ ሬዲዮ ተመለሰ፤ በ1953 ከመጣበት። ኤንፒአር በተባለው የሕዝብ ሬዲዮ ሃያ አምስት ዓመት ተንታኝ ሆኖ ሠራ፤ ሲቢኤስ ከቆየበት ይረዝማል። ፊቱን ስላጣ የቀነሰው ነገር ያለ አይመስለኝም። ዘጠናን ካለፈ በኋላ ትዊተር ጭምር ከፍቷል። ለመጨረሻ ጊዜ በሬዲዮ የተሰማው ጁላይ 10 ቀን 2010 ነው። ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በ93 ዓመቱ ሞተ። የፓይክን ሪፖርት ማን እንደሰጠው ለማንም ሳይናገር።